የማራቶን ረጅም ልምምድ የት ላይ ይቁም?

ዛሬ ማለዳ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ተነሥተን ረጅሙን የሳምንቱን ሩጫ ስንሮጥ፣ ለመጀመሪያው ማራቶኑ የሚዘጋጅ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ አስቀድሜ ሙሉውን 42 ኪሎ ሜትር ካልሮጥኩት እንደምጨርሰው በምን አውቃለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የእኔ እምነት ከ30 እስከ 32 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል የሚል ነው። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ለብዙ ሯጮች 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚመናመን፣ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው ርቀት ከሚጨምረው ብርታት ይልቅ የሚያደርሰው ጉዳት ያመዝናል፤ ለማገገም የሚባክነው ጊዜም የቀጣዮቹን ሳምንታት ልምምድ ይሻማል። ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በልምምድ 40 ኪሎ ሜትር መሮጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ያን ርቀት የሚጨርሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል ባልራቀ ጊዜ ሲሆን፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ግን 32 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 3 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዘገም ብሎ ለሚሮጥ ሰው ከርቀቱ ይልቅ ሰዓቱ ትክክለኛ መለኪያ ይመስለኛል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሞላው ቢያቆም እመርጣለሁ።

በድሬዳዋ ደግሞ ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ሙቀቱ፣ ወደ ደንገጎ ለሚወጣም ዳገቱ ይታሰባል፤ በዚያ አቀበት 25 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ሜዳ ላይ 30 ከሮጠው ያነሰ አልደከመም። ወጣቱንም የመጨረሻውን ረጅም ሩጫ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት እንዲጨርስና ከዚያ ወዲያ ርቀቱን ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ መከርኩት።