ኢንዶሜትሪዮሲስ፦ ሆድ ሳይከፈት ምን ያህል ይታወቃል?

«ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለው ምክር ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው፤ አንዳንዴ ከሐኪም ጠረጴዛ ማዶም ይሰማል። ክፋቱ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት ላይ ሲደርስ መድኃኒት ተብሎ የታዘዘው መውለድ ራሱ በሽታው የሚያከብድባት ነገር መሆኑ ነው።

በሽታው የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሰውን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው፦ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ አንዳንዴም አንጀትና ፊኛ ላይ። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ያፋፋዋል። ይቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ ተለያይተው መንሸራተት ያለባቸውን አካላት ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉትን እንደሚያጠቃ ይገምታል። ስሙ እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያልፋል። እስከዚያው «ጨጓራ ነው»፣ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው»፣ «አሜባ ነው» እየተባለ የሚዋጠውን ኪኒን ቤቱ ይቁጠረው።

ለረጅም ዘመን ሕጉ አንድ ነበር፦ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በእምብርት በኩል በምትበሳ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ካልታየ በሽታው አለ አይባልም። በ2022 የአውሮፓ የሰው ልጅ ሥነ ተዋልዶና የፅንስ ሳይንስ ማኅበር፣ በአጭሩ ኤሽሬ፣ ያወጣው መመሪያ ይህን ለወጠው። ላፓሮስኮፒ አሁን የሚመከረው በምስል ምንም ካልታየ፣ ወይም የተሞከረው መድኃኒት ካልሠራ ወይም ለታካሚዋ ካልሆነ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ አደጋ አለው፤ ምስሉ ተሻሽሏል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በካሜራ ታይቶ ቢረጋገጥም ባይረጋገጥም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው መድኃኒት ያው ነው። ላፓሮስኮፒ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ለውጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ወረፋ እስኪደርስ ሕክምና የሚዘገይበት ምክንያት ቀርቷል ማለት ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከአፍ ነው። «ሆዴን ያመኛል» ማለት ሐኪሙን የትም አያደርሰውም። ቢያንስ ለሁለት የወር አበባ ዙር በየቀኑ ህመሙን ከ0 እስከ 10 መመዝገብ፣ ከጎኑም ሰገራ ሲወጣ፣ ሽንት ሲሸና፣ በግንኙነት ጊዜ በጥልቀት ሲነካ የሚያም እንደሆነ፣ ስንት ማስታገሻ እንደተወሰደ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት የተቀረበትን ቀን መጻፍ ይጠቅማል። የወር አበባ ሲመጣ ብቻ የሚመጣ የሰገራ ህመም አንጀት ላይ ወይም ከማህፀን ጀርባ ያለን ቁስል ያስጠረጥራል። በግንኙነት ጊዜ ስለሚሰማ ህመም ሐኪሙ ካልጠየቀ እኛ ዘንድ የምትናገር ሴት ጥቂት ናት፤ ስለዚህ ጠያቂው ሐኪሙ መሆን አለበት።

ቀጥሎ አልትራሳውንድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚሁ ነውና። ሆድ ላይ በጄል የሚደረገው የተለመደው ምርመራ ትልቅ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ካልሆነ በቀር ብዙ አያሳይም። የሚፈለገው በብልት በኩል የሚደረገው ነው። በ2016 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስምምነት ምርመራውን በአራት እርምጃ ያስኬደዋል። አንደኛው ማህፀንንና ኦቫሪን ማየት ነው። ኢንዶሜትሪዮማ የሚባለው፣ በተለምዶ «የቸኮሌት ሲስት»፣ ውስጡ ወጥ ሆኖ እንደ ደበዘዘ መስታወት ይታያል። ደም የቋጠረ ተራ ሲስትም ሊመስለው ስለሚችል ከ6 እስከ 12 ሳምንት ጠብቆ ደግሞ ማየት ይገባል፤ ተራው ይጠፋል፣ ኢንዶሜትሪዮማው ይቆያል። ሁለተኛው፣ መመርመሪያውን በቀስታ እየገፉ የቱ ቦታ እንደሚያም መጠየቅ፣ ኦቫሪው እንደሚንቀሳቀስ ወይም እንደተጣበቀ ማየት ነው። ሁለቱ ኦቫሪዎች ከማህፀን ጀርባ ተሳስመው ከተገኙ ከባድ መጣበቅ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ መንሸራተት። የማህፀን አንገት በመመርመሪያው ለስለስ ብሎ ሲገፋ ከጀርባው ያለው የአንጀት ግድግዳ በነፃነት መንሸራተት አለበት። ከዚያ ሌላው እጅ ከእምብርት በታች ተጭኖ በማህፀኑ የላይኛ ጀርባ ላይ ያው ይታያል። አንጀቱና ማህፀኑ አብረው የሚሄዱ ከሆነ በመካከል ያለው ኪስ ተዘግቷል። ይህ ከ1 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም፣ የለመደ እጅ እንጂ። አራተኛው ከፊትና ከኋላ ጥልቅ ቁስሎችን መፈለግ ነው። ፊኛው ጥቂት ሽንት ቢይዝ ይመረጣል፤ ጭልጥ ብሎ ባዶ ከሆነ የፊኛ ግድግዳ ላይ ያለ እባጭ ያመልጣል። ጥልቅ ቁስል ከተገኘ ኩላሊቶቹም መታየት አለባቸው። ከኩላሊት የሚወርደው የሽንት ቱቦ ከታነቀ ኩላሊት ያለ ህመም ሊጠፋ ይችላልና።

ሪፖርቱ ላይ «ማህፀንና ኦቫሪ ደህና ናቸው» ብቻ ካለ፣ እነዚህ ነገሮች ተፈልገው አልተገኙም ወይስ አልተፈለጉም? ይህን መጠየቅ መብት ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ይታወቅ፦ በሆድ ሽፋን ላይ በስሱ የተበተኑ፣ ሚሊሜትር የሚያህሉ ቁስሎች በአልትራሳውንድም በኤምአርአይም በአብዛኛው አይታዩም። ንጹሕ ምስል በሽታው የለም ማለት አይደለም። ግንኙነት ያልጀመረች ልጅ ስትሆን በብልት በኩል የሚደረገው ግዴታ አይደለም፤ በሆድ፣ በፊንጢጣ በኩል፣ ወይም በኤምአርአይ ማየት ይቻላል።

ስለ ደም ምርመራ አጭር ነው። በደም የሚለካው ሲኤ-125 የተባለ ፕሮቲን ለዚህ በሽታ መለያ እንዳይውል ኤሽሬ ይመክራል። በወር አበባ ጊዜም፣ በእርግዝናም፣ በማህፀን ዕጢም (ማዮማ) ከፍ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ የሆድ ዕቃ ቲቢ አለ። ቲቢም ህመምና መሃንነት ያመጣል፣ ሲኤ-125ንም ከፍ ያደርጋል፤ ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም በሆድ ውስጥ ፈሳሽ ካለ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 109 ማይክሮ አርኤንኤዎችን (የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ሞለኪውሎችን) ከምራቅ የሚለካ ምርመራ ተሠርቷል፤ የወጡት ውጤቶች አስደናቂ ናቸው። ይሁንና ውጤቱ የተገኘው ከፍተኛ ጥርጣሬ ባለባቸው ሴቶች ላይ ስለሆነ፣ ተራ የወር አበባ ህመም ይዛ ጤና ጣቢያ በመጣች ሴት ላይ ያው ይሆናል ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ወደ መድኃኒቱ። የህመም ጥናት ሲነበብ ቀድሞ መታየት ያለበት ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን፣ የወሰደው ቡድን ነው። ኢላጎሊክስ የተባለው መድኃኒት በ2017 በታተሙ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈትኗል። በመጀመሪያው፣ 872 ሴቶች በነበሩበት፣ በ3 ወር የወር አበባ ህመሟ በግልጽ የቀነሰላት በቀን አንዴ 150 ሚሊግራም ከወሰዱት 46.4 በመቶ፣ በቀን ሁለቴ 200 ሚሊግራም ከወሰዱት 75.8 በመቶ ነበር። ምንም ያልሆነ ኪኒን ከወሰዱትስ? 19.6 በመቶ። ከአምስት ሴት አንዷ ገደማ ማለት ነው። ማወዳደሪያ ሳይኖረው «ይህ ቅጠል፣ ይህ አመጋገብ ፈወሰ» የሚል ምስክርነት ሲነገር ይህ ቁጥር ትዝ ይበል።

ከፍተኛው መጠን ኤስትሮጅንን ክፉኛ ስለሚያወርድ አጥንት ያሳሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ6 ወር በላይ እንዳይወሰድ የተገደበው ለዚህ ነው። መፍትሔው የወረደውን ጥቂት መልሶ መስጠት ሆነ፦ ሬሉጎሊክስ 40 ሚሊግራም ከኤስትራዲዮል 1 ሚሊግራምና ከኖርኤቲስቴሮን አሲቴት 0.5 ሚሊግራም ጋር በአንድ ኪኒን። በ2022 በታተሙት ሁለቱ ሙከራዎች በወር አበባ ህመም 75 በመቶዎቹ ተሻላቸው፣ በፕላሴቦው 27 እና 30 በመቶ። ከወር አበባ ውጭ ባለው ህመም ግን ልዩነቱ ጠበብ ይላል፦ 59 ለ40 እና 66 ለ43።

እነዚህ ውድ ናቸው። አዲስ አበባ ያለች ሴት «ታዲያ ምን ይረባኛል?» ብትል እውነቷን ነው። ለእሷ የሚቀርባት በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። በዩናይትድ ኪንግደም 405 ሴቶች ለኢንዶሜትሪዮሲስ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ተራውን ቅልቅል የወሊድ መከላከያ ኪኒን፣ ሌላው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ፕሮጀስቲን የተባለ ሆርሞን ወሰደ፣ ማለትም ዲፖ መርፌ ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ። በ3 ዓመት ህመሙ በሁለቱም ወገን በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በህመም ልዩነት አልታየም። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ወይም ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ያስፈለጋቸው ግን በረጅሙ ወገን 73፣ በኪኒኑ ወገን 97 ነበሩ። ዲፖ ማለት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው ያው 150 ሚሊግራም የ3 ወር መርፌ ነው።

ሳንካዎቹም ይነገሩ። ዲፖ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያዘባርቃል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል። ካቆሙት በኋላም ለማርገዝ ወራት ያስጠብቃል፣ ስለዚህ በዚህ ዓመት ልጅ ለምትፈልግ አይሆንም። ሉፕን በተመለከተ አደራ፦ ብዙ ቦታ የሚገኘው የመዳብ ሉፕ ነው፤ እሱ ደምና ቁርጠት ይጨምራል። የተጠናው ሌቮኖርጀስትሬል የሚለቀው ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ኪኒኑን የምትመርጥ ሴት ያለ ማቋረጥ ብትወስደው ለወር አበባ ህመም ይሻላታል፦ 21ዱን ጨርሳ፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ የሆኑትን 7ቱን ትታ፣ በማግሥቱ አዲስ እሽግ። እሽጉ 28 ቀን ሳይሆን 21 ቀን ስለሚበቃ አስቀድሞ ተጨማሪ መያዝ ያስፈልጋል። ጠብታ ደም ካስቸገረና ቢያንስ 21 ቀን በተከታታይ ከተወሰደ፣ 4 ቀን አቁሞ እንደገና መጀመር ይቻላል። የደም ግፊት ያለባት፣ እግሯ ላይ ደም የረጋባት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ የሚቀድመው ማይግሬን ያለባት ሴት ግን ኤስትሮጅን ያለበትን አትውሰድ። ለእሷ ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው አለ፤ ዲኖጀስት 2 ሚሊግራም በቀን አንዴ። በ24 ሳምንት ሙከራ በወር ከሚወጋው ሊዩፕሮላይድ ህመም በማስታገስ አላነሰም፣ አጥንትንም እንደ እሱ አልጎዳም። በብዙ አገር እንደ ወሊድ መከላከያ ስላልተፈቀደ ኮንዶም አብሮ ያስፈልጋል።

ማስታገሻን በተመለከተ፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር፣ ህመሙ ከመጥናቱ በፊት፣ ከተቻለ ከወር አበባው አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመር። የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ችግር ላለባት አይሆንም። «ለነርቭ» እየተባለ የሚታዘዘው ጋባፔንቲን ደግሞ በ2020 በታተመ ጥናት፣ በላፓሮስኮፒ ምንም ያልተገኘባቸው የዳሌ ህመምተኞች 306 ሴቶች ላይ ከፕላሴቦ አልበለጠም፤ ማዞርና ድብታ ግን ጨመረ። አሁንም በልማድ ይታዘዛል።

ቀዶ ሕክምና ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ2004 የታተመ ትንሽ ግን ደፋር ሙከራ 39 ሴቶችን አሳተፈ፤ ግማሾቹ ቁስላቸው ተቆርጦ ወጣ፣ ሌሎቹ ሆዳቸው በካሜራ ታይቶ ብቻ ተዘጋ። ቁስላቸው ከወጣላቸው 80 በመቶው ተሻላቸው፣ ካልተነኩት ደግሞ 32 በመቶ። ያ 32 በመቶ ነው አሁንም የሚያከራክረው። ቀላሉን፣ በሽፋኑ ላይ የተበተነውን ዓይነት ማውጣት ከማየት ይሻል እንደሆነ ለመለየት ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ 400 ሴቶችን ያቀደ ኢስፕሪት 2 የተባለ ሙከራ ተጀምሯል።

የኦቫሪ ሲስት ላይ ፈሳሹን ቀድቶ ብቻ መውጣት ከንቱ ድካም ነው፤ ይመለሳል። ከረጢቱን ገፍፎ ማውጣት የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል፣ ነገር ግን ጤነኛ እንቁላል የያዘውን የኦቫሪ ክፍል አብሮ ይልጣል። ስለዚህ ልጅ የምትፈልግ ሴት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤኤምኤች የተባለውን የእንቁላል ክምችት መለኪያ ማስለካት አለባት፤ በተለይ ሲስቱ በሁለቱም ወገን ከሆነ ወይም ያው ኦቫሪ ቀድሞ ከተነካ። ለቤተ ሙከራ ፅንስ ለመዘጋጀት ብቻ ሲባል ሲስቱን በዘልማድ ማውጣት ኤሽሬ አይመክርም። ለማርገዝ ይረዳል ተብሎ ለወራት ሆርሞን መውሰድም እንዲሁ ነው፦ እንቁላል መውጣቱን አስቁሞ ጊዜ ይበላል እንጂ ዕድል አይጨምርም። ቀላል ደረጃ ላይ ያለን ቁስል ማውጣት ግን በካናዳ ተሠርቶ በ1997 በታተመው የ341 ሴቶች ጥናት በ36 ሳምንት ውስጥ እርግዝናን ከ17.7 ወደ 30.7 በመቶ አሳድጓል፤ ከዚያ በኋላ የወጣ አነስተኛ የጣሊያን ጥናት ይህን ጥቅም አላገኘም።

ከቀዶ ሕክምና ስትወጣ በእጇ መያዝ ያለባት «ተጠርጓል» የሚል አንድ መስመር አይደለም። ቁስሉ የት የት እንደነበረ፣ ምን እንደወጣና ምን እንደቀረ፣ የማህፀን ቱቦዎቹና ጫፎቻቸው በምን ሁኔታ እንደታዩ፣ ፎቶዎቹና የፓቶሎጂ ውጤቱ ናቸው። ያለ ቱቦውና ያለ ኦቫሪው ዝርዝር፣ ከ0 እስከ 10 የሚሰላው የመፀነስ ዕድል መለኪያ ሊሠራላት አይችልም፤ ቀጣዩ ሐኪምም እንደገና ካሜራ ልግባ ማለቱ አይቀርም።