መስማት ከተሳነው ልብስ ሰፊ ጋር ለመሥራት ምን ያህል ያስወጣል?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለችው የስፌት ቤቴ መስማት የተሳነው ወጣት ልብስ ሰፊ ሆኖ ከተቀጠረ ሦስት ዓመት አልፎታል። የሱቅ ባለቤቶች ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እንዴት እንደምንግባባና ለዚህ ምን ያህል እንዳወጣሁ ነው። ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ የወሰንሁት፣ መስማት የተሳነው ሰው ሥራ ሲጠይቃቸው ወጪውን ፈርተው የሚመልሱት ቀጣሪዎች ብዙ መሆናቸው ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ስፌት ቤት ውስጥ ሰው የሚጠራው በጩኸት ነው፤ ማሽኖቹ ሲሮጡ ያለ ጩኸት የሚሰማ የለም። እርሱን መጀመሪያ ትከሻውን እየነካን እንጠራው ነበር፤ ነገር ግን እጁ መርፌው ሥር እያለ ድንገት የተነካ ሰው ይደነግጣል፣ ጣቱም ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ባንኮኒው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከእርሱ ማሽን በላይ ደግሞ ቢጫ አምፖል አስገጠምን። አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ ደንበኛ መጥቷል፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ እኔ እፈልገዋለሁ፤ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ካለ ሥራውን ጥሎ ወዲያውኑ ይውጣ ማለት ነው። ሽቦው፣ ማብሪያው፣ አምፖሉና የባለሙያው የእጅ ዋጋ ተደምረው ለአንድ ሙሉ ልብስ ስፌት የምንጠይቀውን አልሞሉም። መብራት ሲጠፋ ግን አምፖሉም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ መፍትሔ ያመጣው ራሱ ነው፤ ደንበኞች ልብስ ለክተው የሚያዩበትን ትልቁን መስታወት ከማሽኑ ፊት ለፊት አዛወረውና፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ በሩንም ባንኮኒውንም ማየት ቻለ። ለዚህ ያወጣነው አንድም ብር የለም።

ልክ መውሰድ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ነገር ነበር። በእኛ ሙያ አንዱ ሜትሩን ይዞ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። አሁን ግን እኔ ስለካ ሜትሩን ቁጥሩ ላይ በአውራ ጣቴ ይዤ ለእርሱ አሳየዋለሁ፤ እርሱ አይቶ በልክ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ደንበኛው የተጻፈውን አንብቦ ይፈርማል። ይህን ከጀመርን ወዲህ በስሕተት ተሰምቶ የተበላሸ ልክ አላጋጠመንም፤ የሚሰሙት ሰፊዎችም በዚሁ መንገድ እንዲሠሩ አድርጌአለሁ።

ከሩቅ ስንሆን የምንገናኘው በስልክ ነው። ኢንተርኔት ሲኖር በቴሌግራም እንጻጻፋለን፤ የጥልፍ ናሙና ፎቶ ይልክልኛል፤ ረዘም ያለ ነገር ሲኖረው ደግሞ እስከ አንድ ደቂቃ በሚቀረጸው ክብ የቪዲዮ መልእክት በምልክት ያስረዳኛል። የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ያገለገለን አጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ ስለዚህ ማንም ቀጣሪ ሥራውን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ እንዳይጥል እመክራለሁ።

ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መተግበሪያዎችም አሉ። ጉግል በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ አማርኛን በድምፅ ከሚለያቸው ቋንቋዎች መካከል አስገብቷል፤ ከዚያም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሚማሩበት የአሜሪካው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ላይቭ ትራንስክራይብ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ለአንድሮይድ ስልክ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሁሉ የሚሠራው ተናጋሪው ለስልኩ ቀርቦ፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ሳይጣደፍ ሲናገር ነው። እኛ ጋር የሚጠቅመው ማሽኖቹ ቆመው ሳለ ነው፤ ቁጥርና የሰው ስም ሲሆን ግን ሁልጊዜ በእጅ እንጽፋለን።

በጽሑፍ ብቻ ሁሉ ነገር ያልቃል ብዬ አስብ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። ለባልደረባዬ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ አጭር መልእክት ቶሎ ይገባዋል፣ የውል ቃላት የታጨቁበት ረጅም ወረቀት ግን ያደክመዋል። ስለዚህ የደመወዝ ጭማሪና የሥራ ውል ስንነጋገር የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በክፍያ እጠራለሁ። በዓመት ከሁለትና ከሦስት ጊዜ የማይበልጥ ወጪ ነው፤ በእኔ እምነት ሊቆጠብበት የማይገባው ገንዘብም ይህ ብቻ ነው። በየቀኑ ላለው ነገር ደግሞ እኛው የጣት ፊደሉን ተማርን። ለእያንዳንዱ ሆሄ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የደንበኛ ስም በዚህ መንገድ መንገር ቻልን።

እርሱ በመኖሩ መስማት የተሳናቸው ደንበኞችም መምጣት ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል ትምህርት ቤት ያልገቡ አሉ፤ ለእነዚህ ወረቀትና እስክሪቢቶ ምንም አይፈይድም። የተሰፋውን ናሙና፣ የጨርቁን ቁራጭና የጥልፉን ፎቶ እናቀርባለን፤ ዋጋውን በካልኩሌተር፣ የመረከቢያውን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ እናሳያለን።

ባልደረባዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ለመጨረስ ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ ውሏል። ስሙ በተደጋጋሚ ተጠርቶ ነበር፤ አልሰማም ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረምና ተራው አለፈው። ለባለጉዳይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጥቶ፣ ተራ የደረሰውን ቁጥር በሰሌዳ ላይ መጻፍ የጠመኔ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያን ዕለት ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ።

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ፣ ማለትም የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ሠራተኛው ሊሠራበት በሚችል መንገድ እንዲያስተካክል ያስገድዳል።

እኛ ጋር ገና ያልተሠራው መጋዘኑ ነው። ጨርቅ ለማውጣት ሲገባ አምፖሉንም መስታወቱንም አያይም፤ ስለዚህ ከባንኮኒው ማብሪያ ጋር የተያያዘ ሁለተኛ አምፖል እዚያም እንዲገጠም ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነግሬዋለሁ፤ ሽቦውንም ገዝቼ አስቀምጫለሁ።