ሦስት መልስ ያለው ጥያቄ

ቅዳሜ ማታ ነው። እማዬ ተኝታለች። ሰኞ ጠዋት የዜግነት ቃለ መጠይቅ አላት። ሁለት ወር ሙሉ ከእራት በኋላ አብረን ስናጠና ከረምን። የእንግሊዝኛውን መልስ በእኛ ፊደል ጻፍኩላት፣ እሷም እንደ ዳዊት እየደጋገመች ያዘችው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ላይ ቆመች። አሜሪካኖችን ሰሜንና ደቡብ ለይቶ እርስ በርስ ካዋጋው ችግር አንዱን ጥቀሺ ይላል። ከሥሩ ሦስት መልስ አለ፦ ስሌቨሪ፣ ኢኮኖሚክ ሪዝንስ፣ ስቴትስ ራይትስ። አንዱን ያለ ያልፋል።

«በአማርኛ ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

«ባርነት፣ የኢኮኖሚ ጉዳይ፣ የክልሎች መብት።»

ወረቀቱን አስቀመጠች። «ምን የማድረግ መብት?»

እኔ ስፈተን እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩም። ሸምድጄ አለፍኩ። የእሷ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

መልሱን ያኔ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ጽፈው ትተውታል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የደቡቧ ክልል ሚሲሲፒ በ1861 ከአሜሪካ ስትገነጠል ባወጣችው መግለጫ፣ አቋሟ ከባርነት ጋር ፍጹም የተሳሰረ መሆኑን በግልጽ አስፍራለች። የተገንጣዮቹ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሳቫና ላይ ተናገረ። የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው ነው አለ። ማንም አላስገደደውም። በሙሉ ልቡ ነው ያለው።

የክልሎች መብት የሚባለውን ነገር ሳስብ አንተኒ በርንስ ይመጣብኛል። ከዚሁ እኛ ካለንበት ከቨርጂኒያ፣ ከሪችመንድ፣ በ1854 በመርከብ አምልጦ ቦስተን የገባ የ20 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ልብስ ሱቅ ሥራ አግኝቶ ነበር። ጌታዬ ነኝ ባዩ ደረሰበትና አስያዘው። በ1850 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያመለጠ ባሪያ የትም ክልል ቢገኝ ተይዞ ይመለስ ይል ነበር። ቦስተን ያለችበት የሰሜኑ ክልል ማሳቹሴትስ ባርነትን ከተወች ዘመን አልፏታል። ግን የእሷ መብት አልተቆጠረም። ሰዎች ሊያስፈቱት የፍርድ ቤቱን በር ሰብረው ገቡ፤ አንድ ጠባቂም ሞተ። አልሆነም። ሰኔ 2 ቀን በወታደር ታጅቦ ወደ መርከቡ ተወሰደ። አንድ ሰው ለመመለስ ያን ሁሉ ጦር! የቦስተን ሕዝብ በአሥር ሺህዎች ወጥቶ መንገዱን ሞላው። መስኮቶች ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቀለ፣ ልክ እንደ ለቅሶ።

እኔ ጦርነቱ እዚያ ጎዳና ላይ የተጀመረ ይመስለኛል። ስለ ባርነት ግድ ያልነበረው ሰው እንኳን ያን ቀን በዓይኑ አየ። በማግስቱ ዓመት ማሳቹሴትስ ይህን አሠራር የሚያደናቅፍ ሕግ አወጣች። ሳውዝ ካሮላይና በ1860 መጨረሻ ስትገነጠል በአቤቱታዋ ካሰፈረችው አንዱ ይሄው ነው፤ ሰሜኖቹ ያመለጡብንን ባሪያዎች አንመልስም አሉ የሚል። ሰሜኖቹ በመብታቸው መጠቀማቸው ነበር እንግዲህ ጥፋታቸው። ለእማዬም እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

ኢኮኖሚውስ? እሱን ለማሳየት ዛሬ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ዱክ ስትሪት ይዣት ሄድኩ። ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። 1315 ቁጥር፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት። ከ1828 እስከ 1836 የፍራንክሊንና አርምፊልድ ቢሮ ነበር። የሚነግዱት ሰው ነው። የቨርጂኒያ መሬት በትምባሆ ደክሟል፣ ደቡብ ደግሞ ጥጥ ገንዘብ ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ እየገዙ ወደ ኒው ኦርሊንስ በመርከብ ይልካሉ። የቀሩት ናቸዝ ድረስ በእግራቸው፣ ወንዶቹ በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ። ልጅ ከእናቱ ይነጠላል። በ1860 በአገሩ ወደ 4 ሚሊዮን ባሪያ ነበር፤ ዋጋቸው ሲደመር ከባቡር ሐዲዱና ከፋብሪካው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ኢኮኖሚክ ሪዝንስ ማለት ይኸው ነው። ያው ባርነት፣ በገንዘብ ሲሰላ።

እማዬ ምድር ቤቱን አይታ ስትወጣ ብዙ ዝም አለች። መኪና ውስጥ ገብተን ነው የተናገረችው። «በአያቴ ቤትም ነበሩ» አለች። ስማቸውን ግን አታውቅም። ባርነትን የሻረው አዋጅ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ከወጣ በኋላም እዚያው እንደቀሩ ብቻ ታስታውሳለች። ይህን በ45 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሌላ ቀን፣ ረጋ ብዬ፣ እጠይቃታለሁ።

ከዚያ ወደ ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት ነዳሁ። እዚህ አገር በ2001 እንደመጣሁ ታክሲ እነዳ ነበር። እዚያ ጥግ ላይ ቤንዚን የምቀዳበት ማደያ ነበር። ሌሊት ቡና ገዝቼ ቆሜ እጠጣ ነበር። ማደያው የተሠራው መቃብር ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር። የሰሜን ጦር ግንቦት 1861 አሌክሳንድሪያን ሲይዝ ባሪያዎች ከየእርሻው እያመለጡ ወደዚህች ከተማ ጎረፉ። ነፃ ወጡ፣ ግን በሽታውና ረሃቡ ጨረሳቸው። ከ1864 እስከ 1869 ከ1,700 በላይ ሰው እዚህ ተቀበረ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በ1955 ላያቸው ላይ ማደያ ተሠራ። አሁን ፈርሶ መታሰቢያ ሆኗል፣ ስማቸውም ተጽፏል።

እማዬ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እኔም አወለቅኩ። በጣቷ ስሞቹን እየዳሰሰች ከፊደሉ ጋር ስትታገል ቆየች። አንዳንዱን ጮክ ብላ አነበበች። እኔ አልረዳኋትም።

አሁን ማጥኛ ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያ ጥያቄ ጋ ሦስቱም መልስ በእጄ ጽሑፍ አለ። ሁለቱን በእስክሪብቶ ሰርዛቸዋለች።