መጨረሻ ላይ በጆሮዋ ምን አላት?

«ሎስት ኢን ትራንስሌሽን»ን ያየ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ይዞ ነው የሚነሳው። (ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙ፣ መጨረሻውን ልናገር ነው።)

የሶፊያ ኮፖላ ፊልም ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 የወጣ። ቢል መሬይ ቦብ የሚባል ዝናው የቀዘቀዘ ተዋናይ ሆኖ የዊስኪ ማስታወቂያ ሊሠራ ቶኪዮ ይሄዳል። እዚያው ሆቴል ሻርሎት አለች፣ ስካርሌት ጆሃንሰን የሠራቻት፣ ባሏ ሥራ ሥራ እያለ ብቻዋን የሚተዋት ልጅ። ሁለቱም እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። እንዲህ እያሉ ይቀራረባሉ። መጨረሻ ላይ ቦብ ወደ ኤርፖርት እየሄደ በመኪናው መስኮት ያያታል፣ ወርዶ ሰው በሚተራመስበት መንገድ መሀል ያቅፋታል፣ የሆነ ነገር ሹክ ይላታል። እሷ እንባዋ ይመጣል። እኛ ግን የምንሰማው ምንም የለም!

በሌላ ፊልም ቢሆን መላ አለው። ብዙ ጊዜ ንግግር የሚደበቅብን ፊልሙ ለሲኒማ ብዙ ስፒከሮች ተቀናብሮ በቲቪያችን ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ስለሚወጣ ነው፤ ሲኒማ ቤት ንግግሩ በአብዛኛው ከመሀለኛው ስፒከር ብቻውን ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ግን ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር አንድ ላይ ይታጨቃል። የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ንግግር የሚያጎላ ምርጫ ካለ እሱን ማብራት፣ ወይም ኢርፎን ማድረግ ይረዳል።

እዚህ ግን አይሠራም። ስናወራ ጉሮሯችን ውስጥ ያለው የድምፅ አውታር ይርገበገባል። ሹክ ስንል አይርገበገብም፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሽ ደግሞ ለኮምፒውተር ከመኪናና ከሰው ጫጫታ ብዙም አይለይም፣ ስለዚህ ጫጫታውን አጥፋ ስትሉት ሹክሹክታውንም አብሮ ጠራርጎ ይሄዳል።

ዩቲዩብ ላይ ግን «አጣርተን ሰማነው» ባይ ሞልቷል። አንዱ ለባልሽ እውነቱን ንገሪው ነው ያላት ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ መሄዴ አይለያየንም ነው ያላት ይላል። ሁለቱ በምንም አይገናኙም፣ ግን ጽሑፉን እያነበባችሁ ስትሰሙ ሁለቱም ልክ ይመስላሉ! ጆሮ እንዲህ ነው፣ ድምፁ ድብልቅልቅ ሲል የተነገረውን ይዞ ይሞላዋል። ካላመናችሁኝ ፊልሙን ላላየ ጓደኛችሁ ስክሪኑን ሸፍናችሁ አሰሙትና ምን እንደሚላችሁ ተመልከቱ።

ኮፖላ ራሷ በቃለ መጠይቅ የተናገረችው ደግሞ ሌላ ነው። ለዚያ ቦታ የተጻፈ ቃል አልነበረም። በኋላ አስባበት ልታስገባ ነበር፣ ሳታስገባ ቀረች። ስትጠየቅም የቢል መሬይን መልስ ነው የምትመርጠው፣ በፍቅረኞች መካከል የቀረ ነገር ነው የሚለውን።

የሚያስቀኝ ምን መሰላችሁ፣ ፊልሙ በ2004 ኦስካር የወሰደው በስክሪፕቱ ነው። ሰው ከሃያ ዓመት በላይ የሚጨቃጨቅባት ዓረፍተ ነገር ግን ስክሪፕቱ ውስጥ የለችም። እኔ ተውዋት ባይ ነኝ። ምን ቢላት ነው ከፊቷ ላይ ካየነው የሚበልጠው? ለማንኛውም እናንተ የሰማችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ዩቲዩቡን ሳታዩ ግን።