ኮምፕረሰሩ ቤት ወጣለት

ዛሬ ጎማ ላስነፋ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ጎራ አልኩ። ያ ጆሮ የሚበጥስ ኮምፕረሰር ከደጅ ተነስቷል። ጓሮ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶለታል።

«ከታችም ከላይም መስኮት? ጩኸቱ አይወጣም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አየር ሲታመቅ ይግላል። ከዘጉበት ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተሩ አይችለውም።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የታመቀው አየር ከሚጠራቀምበት ታንክ ሥር ያለውን ቫልቭ ላላ አደረገው። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ተፈናጥሮ ወጣ። ዝናብ የገባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አየሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ታች ይጠራቀማል። ካልፈሰሰ ታንኩን ከውስጥ እየበላ ያሳሳዋል። የሳሳ ታንክ ደግሞ ግፊቱን አልችል ሲል ይፈነዳል።

ሰፈሩ በጩኸቱ ሲማረር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ውሃውን ታፈሳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።