በክረምት የብስባሽ ጉድጓድ አትቆፍሩ

ጎንደር፣ አዘዞ በኩል ትንሽ ግቢ አለኝ። ዛሬ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ከገበያ አልገዛም። በዚህ በጣም ነው የምኮራው። ግን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ አንድ ክረምት ሙሉ ባልተንገላታሁ ነበር።

ቀላሉን ላሳጥረው። አሮጌ ጆንያዎች ውስጥ አፈር ሞላሁ፣ ችግኝ ተከልኩ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አትክልት ያጠብኩበትን እያጠራቀምኩ አጠጣሁ። ይሄ ምንም አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ብስባሹ ነው፤ ከወጥ ቤት ትራፊ የሚሠራው ማዳበሪያ።

ሰኔ ላይ ሥልጠና ተሰጠን። ባለሙያው “1 ሜትር ቆፍሩ፣ የወጥ ቤት ትራፊ እየጨመራችሁ አፈር አልብሱት” አለን። አመንኩ። ሁለት ቀን ቆፈርኩ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ከተትኩበት።

ሐምሌ ገባ። የጎንደርን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። የኛ ግቢ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፣ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሰርግም። ጉድጓዱ እንደ ጋን ሞላ። ላስቲክ አለበስኩት፤ ውሃው ለካ ከጎን ነው የሚገባው። በባልዲ ስቀዳ ዋልኩ፣ በማግስቱ ሞልቶ አገኘሁት። አየር ያጣ ትራፊ ደግሞ በወጉ አይበሰብስም፣ ይከረፋል። ጎረቤቴ እትዬ መጥተው “ልጄ፣ ለፍልሰታ እንኳ በር ከፍተን መቀመጥ አቃተን፤ እባክሽ አንድ በይው” አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ ሥልጠናውን ከሰጠን መሥሪያ ቤት ሌላ ሠራተኛ መጣ። “ድፈኚው፣ አለዚያ ትቀጫለሽ።” ቆፍሪ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ አልኩት። “እሱ ሌላ ክፍል ነው” ብሎኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንዱ ክፍል ያስቆፍራል፣ ሌላው ያስደፍናል፣ መሀል ላይ የሚለፋው ነዋሪው ነው። በራሴም እናደዳለሁ። እናቴ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ሳታስቀድ ክረምት አይገባም ነበር። ያን እያየሁ አድጌ፣ “ውሃው የት ይሄዳል?” ብዬ አልጠየቅኩም።

ጉድጓድ ለበጋ ነው። ዝናብ ሲኖር ከመሬት በላይ ከምሩ። እኔ መስከረም ላይ እንደገና ስጀምር ከታች ወፍራም የማሽላ አገዳ ረበረብኩ። ከዚያ ጭድ፣ ትራፊ፣ ትንሽ እበት፣ ስስ አፈር፤ ከዚያ እንደገና ጭድ። ጭዱን ከቅዳሜ ገበያ ነው የገዛሁት፣ እሱ ላይ አትሰስቱ። መሀሉ ላይ ረዘም ያለ ዱላ ትከሉ። ስትመዙት ሞቆ ወዛ ካለ ደህና ነው። ቀዝቅዞ ከሸተተ አገላብጡትና ጭድ ጨምሩ። “ማንኛውም ቅጠል ይሆናል” ቢሏችሁም የባሕር ዛፍ ቅጠል አታስገቡ። ቶሎ አይበሰብስም፣ ችግኝም ያቀጭጫል።

ለጥምቀት ደረሰልኝ። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የመሬት ሽታ ያለው። ለዐቢይ ጾም ከጆንያዎቹ የቆረጥኩትን የመጀመሪያ ቆስጣ ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ግን አሁንም ሰርጎድ እንዳለ ነው፤ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ውሃ ይቋጥራል።