የባሕረ ሐሳብ ጨረቃ እና የእንጦጦ ጨረቃ

ከአዲስ አበባ በላይ እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የሥነ ፈለክ ጣቢያ አለ። በዚያው ተራራ ላይ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት አሉ። «ሳይንስና እምነት ይታረቃሉ ወይ?» የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ከዓለም አፈጣጠር ይነሳና እዚያው ተፋጥጦ ይቀራል። እኔ ከባሕረ ሐሳብ፣ ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን ከምታወጣበት የዘመን ስሌት፣ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱም ወገን ጨረቃን ይቆጥራል፤ ቆጠራውንም ማንም ሰው እርሳስ ይዞ መፈተሽ ይችላል።

የ2018ን ፋሲካ እናውጣ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን) 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 13 ይተርፋል፤ ያለንበት ዓመት ገና ስላላለቀ አንድ ይቀነስና ወንበር (በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለቁት ዓመታት ቁጥር) 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ (የጨረቃን ዕድሜ ለማውጣት የሚደመረው ትርፍ ቀን) 12። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ (የፋሲካ ቆጠራ የሚነሳበት ቀን) 18። 11 ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ 354 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ ነው። 19 ደግሞ ከ30 ላይ 11 ሲነሳ የሚቀረው ነው።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ መስከረም 18 ነው። ዕለቱን ለማወቅ 7518ን ለ4 አካፍሎ 1879 መውሰድ፣ ከ7518 ጋር ደምሮ 9397ን በ7 መግደፍ ነው፤ 3 ይተርፋል። ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር መስከረም 1 ሐሙስ፣ መስከረም 18 እሑድ ይሆናል። የእሑድ ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው (ቅዳሜ 8፣ ሰኞ 6፣ እንዲያ እያለ ዓርብ 2)። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር (ነነዌ የምትገባበትን ቀን የሚሰጠው ድምር) 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ሰኞ ትገባለች፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4።

የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ለ4 ሲካፈል ማስያው 1879.5 ይላል፤ ወደ 1880 ያጠጋጋ ሰው ነነዌን ጥር 24 እሑድ ላይ ያገኛታል። ነነዌ ከሰኞ ውጭ ስለማትገባ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። ከወንበር ላይ አንዱን መቀነስ መርሳት ግን አደገኛ ነው። መጥቅዕ 7 ይሆንና ወደ ጥቅምት ይዞራል፣ ነነዌ የካቲት 9 ላይ ትውላለች፣ እሱም ሰኞ ነው። አበቅቴና መጥቅዕም ተደምረው እንደ ደንቡ 30 ይሞላሉ። ምንም የሚያስነቃ ምልክት ሳይኖር ፋሲካው በሁለት ሳምንት ይዘገያል።

አሁን ቀና ብለን ሰማዩን እንይ። በስሌቱ የመጋቢት 28 ጨረቃ፦ አበቅቴ 12፣ የመጋቢት ሕጸጽ (ለወሩ የሚታከለው ማስተካከያ) 4፣ ቀኑ 28፣ ድምሩ 44፤ በ30 ሲገደፍ 14። የፋሲካዋ ጨረቃ ይህች ናት፤ በዓሉ ከእሷ ቀጥሎ ባለው እሑድ ይውላል። በሰማይ ላይ ግን የ2018 የመጋቢት ጨረቃ የምትሞላው በ24 ንጋት ላይ ነው፤ አራት ቀን ቀድማ። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋር እኩል የሚሆነው ሲጠጋጋ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተርፋል፣ እሱ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። በዚህ ላይ ስሌቱ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ስለሚቆጥር በየዓመቱ 11 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ለዚህም ነው ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት በስሌቱ መጋቢት 25 ላይ ቆሞ የቀረው፤ ፀሐይ ግን መጋቢት 11 ላይ ታደርሰዋለች።

ይህን መናገር ቤተ ክርስቲያንን መድፈር የሚመስላቸው አሉ። «ባሕረ ሐሳብ እንከን የለሽ ሳይንስ ነው» ብለው ይሟገታሉ፤ ወጣቱም አንድ ቀን የጨረቃ ሰንጠረዥ ከፍቶ አራቱን ቀን ሲያይ ሃይማኖቱ የዋሸው ይመስለዋል። እምነትን በዓሥርዮሽ ቁጥር ላይ ማቆም በእምነቱም ላይ ግፍ ነው። ስሌቱ የተሠራው ክርስቲያን ሁሉ፣ ደመና ቢሆንም ባይሆንም፣ በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብር ነው፤ ይህን ሥራውን ዛሬም ይሠራል። ትንሣኤው በአበቅቴ አልተረጋገጠም፣ በአበቅቴም አይሻርም።

«ተረት ነው» የሚሉትም አላወቁትም። የ19 ዓመቱን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጆታል፤ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ቀመሩን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ሠራው ይላሉ። ያለ መስታወት፣ በጣት አንጓ፣ በ300 ዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚስት ቆጠራ የያዘ የቆሎ ተማሪ የሥነ ፈለክን በር አልፎ ገብቷል። ያ ልጅ የስሕተቱን ምክንያት አብሮ የሚያስተምረው መምህር ቢያገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የ2019ን ራሳችሁ ሞክሩት። ወንበር 13፣ መጥቅዕ 7፣ ስለዚህ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፤ ተውሳኩ 8፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። በስሌቱ ጨረቃዋ ሚያዝያ 17 ላይ 14 ትሞላለች። ሰማዩ ከጠራ ሚያዝያ 12 ማታ እንጦጦ ላይ ውጡና በምሥራቅ በኩል ስትወጣ ተመልከቷት።